ከመጨረሻው ክፍል በኋላ፦ የወንዛዬና የወረታ ትዝብቶች

ወንዛዬ ፍል ውሃ የሚወርድ ሰው ስንቁን፣ ጋቢውንና ሕመሙን ይዞ ይመጣል። አስታማሚው ደግሞ ጊዜ መግደያ ይፈልጋል። ጉማራ ወንዝ ዳር ቀኑ አያልቅም፤ ጠዋት ተነክሮ ማታ እስኪነከሩ ያለውን ሰዓት በወሬ ወይም በንባብ መግፋት ነው። ጉልበታቸውን የሚያማቸውን እናቱን ያመጣ አንድ ወጣት የተከታታይ ልብ ወለድ የመጨረሻውን ክፍል ሲጨርስ አየሁት። ገጾቹ እየሳሱ ሲሄዱ እሱም እየሳሳላቸው ሄደ። ሁለት ገጽ ያነብና ይዘጋዋል፣ ውሃ ይቀዳል፣ ተመልሶ አንድ ገጽ ያነባል። ሲያልቅበት የጀርባውን ሽፋን ገልብጦ አየ፤ ከዚያ ወዲያ የቀረ ነገር ያለ ይመስል።

እናቱ ፊቱን አይተው «ምነው ልጄ፣ ማን ሞተ?» አሉት።

«ኧረ ማንም አልሞተም እምዬ። መጽሐፉ አልቆብኝ ነው።»

«ታዲያ እንደገና ጀምረዋ!»

*

እናትየዋ የተናገሩት ከሚያውቁት ንባብ ተነሥተው ነው። በዚህ አገር ብዙ ሰው ዕድሜ ልኩን የሚያነበው መጽሐፍ የመጨረሻ ክፍል የሚባል ነገር የለውም። ዳዊት ደጋሚ ሰኞ ከመዝሙር 1 ተነሥቶ እስከ 30 ያደርሳል፣ ማክሰኞ 60 ይደርሳል፣ እንዲህ እያለ ቅዳሜ 150ውን ይዘጋል። እሑድ ጸሎተ ነቢያቱንና መኃልዩን ደግሞ ሰኞ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ሃምሳ ዓመት እንዲህ የደገሙ አባት ቅዳሜ ማታ «አለቀብኝ» ብለው ሲያዝኑ አይታዩም። የልቦለድ አንባቢ ሐዘን አዲስ ሐዘን ነው፤ አንዴ የተነበበ መጽሐፍ የተበላ እንጀራ መስሎ ከሚታየው ትውልድ ጋር የመጣ።

*

እዚህ አካባቢ ስለ ተከታታይ ምናባዊ ልብ ወለድ ወሬ ከተነሣ ቀድሞ የሚጠራው የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ነው፤ ቀጥሎ «ራማቶሓራ»። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ ተማሪ የነበረ ሁሉ አንብቦታል፣ ያላነበበውም እንዳነበበ ሆኖ አውርቶታል። ዘንዶ የሚጋልብ ጀግና የለበትም፣ በመጥረጊያ የሚበር ልጅ የለበትም። ጣና አለ፣ ገዳም አለ፣ የውጭ ሰላይ አለ፣ ናሳ ውስጥ የሠራ ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት አለ። መሐንዲሱን ሻጊዝ እጅጉን ያነበበ ሰው ቅጣው እጅጉን ሳያስታውስ አያልፍም፤ ቦንጋ ተወልዶ በአሜሪካ የጠፈር ምርምር ውስጥ የሠራውንና በ1998 ዓ.ም. እዚያው ያረፈውን ሰው።

የእንግሊዝ ልጅ ሲያልም አስማት ያልማል። የኛ ልጅ ሲያልም የሄደው መሐንዲስ ተመልሶ ያያል። ከሁለቱ ለማመን የሚከብደው የትኛው እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ፤ እኔ በበኩሌ ዘንዶው ይቀለኛል።

*

ሌላ አገር የመጨረሻውን ክፍል የጨረሰ አንባቢ «ለምን እንዲህ ሆነ?» ይላል። ወረታ ከተማ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ «እውነት ነው?» የሚል ነው።

ሻይ ቤት ተቀምጬ የሰማሁት ክርክር ይኸውላችሁ። አንዱ «ጣና ላይ ያለው ምስጢር እውነት ነው፤ ስሙን ነው የቀየረው» ይላል። ጓደኛው «ሽፋኑ ላይ ልብ ወለድ ይላል እኮ» ሲለው ሳቀበት፦ «እሱማ እንዳይከሰስ ነዋ!»

ግብርና የሚያጠና ሦስተኛ ሰው ገባበት። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሰፋም እጅግ ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ ከ14 ወይም ከ15 ሜትር እንደማይዘል አስረዳ። የርብና የጉማራ ወንዞች ክረምት ክረምት ምን ያህል ደለል እንደሚያወርዱበትም ጨመረ። «በዚህ ላይ ምን ይደበቅበታል?» ሲል የመጀመሪያው ልጅ አላስጨረሰውም፦ «አንተ ደግሞ ሜትር ይዘህ ነው ልብ ወለድ የምታነበው?»

ክርክሩን ያሸነፈው የመጀመሪያው ልጅ ነው። ሒሳቡን የከፈለው ግን የግብርናው ተማሪ ነው።

*

የባሕር ዳር ሰው ጣና ሲል ጀልባ፣ መናፈሻና ዓሣ ጥብስ ይታየዋል። የመጽሐፉም ጣና ከዚያኛው ይቀርባል፤ ሰማያዊ ነው፣ ምስጢር ይዟል። ወረታ ባለችበት በፎገራ በኩል ያለው ጣና ሌላ ነው። ከናበጋ ወይም ከዋገጠራ ተነሥቶ ወደ ባሕሩ የሚሄድ ሰው ውሃውን ከማግኘቱ በፊት ሩዝ፣ ከሩዙ ቀጥሎ ጭቃ፣ ከጭቃው ቀጥሎ ደንገል ያገኛል። ሐይቁ የሚጀምርበት ቦታ በክረምትና በበጋ አንድ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፉ ሜዳውን ሲያጥለቀልቅ ጣና ራሱ ወደ ሰው ቤት መጣ። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እንቦጭ ተጨመረ፤ አረንጓዴ ምንጣፍ መስሎ የሚተኛ፣ ታንኳ የሚያስር፣ ከብት የማያጠግብ አረም።

የመጨረሻውን ክፍል ጨርሶ ወደዚህ ዳር የሚመጣ አንባቢ አለ። አይቻለሁ። ቆሞ ያያል፣ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሣል፣ እንቦጩ እንዳይገባበት ጎንበስ ቀና ይላል። የለንደን የሃሪ ፖተር አንባቢ ኪንግስ ክሮስ ባቡር ጣቢያ ሄዶ ግድግዳ ውስጥ የገባውን ጋሪ ይዞ ፎቶ ይነሣል፤ ያንን ለእሱ ብለው የሠሩለት ነው። ፎገራ ላይ ለአንባቢ ተብሎ የተሠራ ነገር የለም። ልቦለዱ ያለቀበት ልጅ የሚያገኘው እውነተኛውን ሐይቅ ነው፤ እውነተኛው ሐይቅ ደግሞ ታሞ ተኝቷል። ብዙ ጊዜ «አጨራረሱ አላረካኝም» የሚለው ቅሬታ ወደ ደራሲው የሚላክ ቢመስልም አድራሻው ሌላ ነው። ልጁ የተበሳጨው መጽሐፉን ዘግቶ ቀና ሲል ባየው ነገር ነው።

*

በዚሁ በፎገራ በኩል ጣና ቂርቆስ ገዳም አለ። ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም ከመሄዷ በፊት 600 ዓመት ያረፈችው እዚያ ነው ይባላል። ይህን ከልጅነቱ ጀምሮ የሰማ ሰው ምናባዊ ልብ ወለድ ሲያነብ አፉን ከፍቶ የሚደነቅ አይምሰላችሁ። ደራሲው ከአንባቢው አያት ጋር እየተወዳደረ ነው።

*

የመጽሐፍ ሰልፍ። ሐምሌ 14 ቀን 1999 ዓ.ም. የሃሪ ፖተር ሰባተኛውና የመጨረሻው መጽሐፍ ሲወጣ በእንግሊዝና በአሜሪካ ብቻ በ24 ሰዓት ውስጥ 11 ሚሊዮን ያህል ቅጂ ተሸጠ። ሰው በእኩለ ሌሊት ተሰለፈ። ያን ሰሞን ፎገራ በአረም ላይ ነበር፤ ሩዝ ውስጥ ጎንበስ ያለ ሰው ስለ ሃሪ ፖተር የሚሰማበት ጆሮ አልነበረውም። መጽሐፉ እዚህ የደረሰው ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በፒዲኤፍ፣ በቴሌግራም፣ በተሰነጠቀ የስልክ መስታወት ላይ ነው። የደረሰውም እንደ ተራው አይደለም። የመጨረሻው ክፍል ቀድሞ የደረሰው ሰው አለ።

አንዲት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሰባተኛውን አንብባ ነው ወደ አንደኛው የተመለሰችው። «አልተበላሸብሽም?» ብላት ገርሟት አየችኝ። «ማን እንደሚሞት ካወቅሁ በኋላ እኮ ነው ሰዎቹን ረጋ ብዬ ያየኋቸው። ሌላው ሰው ምን ይመጣ ይሆን እያለ ሲሮጥ አያያቸውም» አለችኝ። በአዲስ አበባ የመጽሐፍ ውይይት መድረኮች ላይ ከሰማሁት ብዙ ሐተታ ይህ ይበልጣል።

*

ፈረንጅ አንባቢ ሲቆጣ ይደራጃል። ኮናን ዶይል እ.ኤ.አ. በ1893 ሼርሎክ ሆምስን ገደል ሰድዶ ሲገላገለው አንባቢው አላስቀምጥ አለው፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ከሞት አስነሣው። እ.ኤ.አ. በ2019 «ጌም ኦፍ ስሮንስ» የተባለው ተከታታይ ፊልም ሲያልቅ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ ሰው «የመጨረሻው ምዕራፍ እንደገና ይሠራልን» ብሎ ፈረመ። ፊልሙ የተነሣበት መጽሐፍ ግን ራሱ አላለቀም፤ ጆርጅ ማርቲን አምስተኛውን ካወጣ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ አንባቢው ስድስተኛውን እየጠበቀ ነው።

እኛ ፊርማ አናሰባስብም። «ጻፈልን እንጂ ምን አለብን» እንልና ለብቻችን እናጉረመርማለን። የሮበርት ጆርዳንን ነገር ስነግረው ግን አንድ የቆሎ ተማሪ የነበረ መምህር ዓይኑ በራ። ጆርዳን «የጊዜ መንኮራኩር» የተባለውን ረጅም ተከታታይ ሳይጨርስ እ.ኤ.አ. በ2007 ሞተ፤ ብራንደን ሳንደርሰን የሚባል ወጣት ደራሲ በማስታወሻዎቹ ላይ ተመሥርቶ ቀጠለውና 14ኛው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2013 ወጣ። መምህሩ አልተገረመም። «የኔታ ሲያርፉ ወንበሩን ደቀ መዝሙሩ ይይዛል፤ ታዲያ እንዴት ሊሆን ነበር?» አለኝ። እንደ እሱ ከሆነ የሚያስገርመው እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ደራሲ አለመኖሩ ነው። በቅኔ ቤት ያለ ሥርዓት በልቦለድ ቤት የለም።

*

አንድ አዛውንት እስከ ዛሬ ከሐዲስ ዓለማየሁ ጋር አልታረቁም። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ቢታተምም እሳቸው የሰሙት ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ነው፤ «ከመጻሕፍት ዓለም» በሚለው ዝግጅት። በዛብህ የሞተ ዕለት ሬዲዮኑን ዘግተው ባትሪውን አወጡት። «ሳልፈቅድለት እንዳይናገር ብዬ» ይላሉ። በሳምንቱ ግን መልሰው ከተቱት፤ ሰብለወንጌል ምን እንደሆነች ሳይሰሙ መቅረት አልቻሉም።

«መጽሐፉ ስሙ ላይ መቃብር ይላል እኮ አያ፣ ምን ጠብቀው ነበር?» አልኳቸው።

«ስሙን ማን አየው? እኔ የሰማሁት ድምፁን ነው።»

*

አጨራረሱ። የተከታታይ መጽሐፍ አንባቢ ሁሉ የመጨረሻውን ክፍል ሲተች የሚላት ቃል አንድ ናት፦ «ቸኮለ።» ሦስት መጽሐፍ ሙሉ የተንከባከበውን ሰው በሁለት መስመር ገደለው። ምስጢሩን በአንድ ደብዳቤ ፈታው። ለምን እንደሆነ ለማወቅ ደራሲ መሆን አያስፈልግም። ወረቀት በየጊዜው ይወደዳል፤ የሚወፍር መጽሐፍ ማተሚያ ቤት ሲገባ ዋጋው ይወፍራል፤ የገጽ ብዛት የሚቆረጠው ደግሞ ከመጀመሪያው ሳይሆን ከመጨረሻው ነው። አንባቢው «ደከመው» ይላል። እኔ ብዙውን ጊዜ ያለቀው የደራሲው ጉልበት አይመስለኝም፤ ገንዘቡ ነው።

*

በዓለማየሁ ዋሴ አንባቢዎች ላይ ያየሁት ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። «እመጓ»ን፣ «ዝጎራ»ን፣ «መርበብት»ን ተራ በተራ አሳድደው ያነበቡ ሰዎች ሲጨርሱ የሚናደዱ አልመሰሉኝም፤ ይሄዳሉ። ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ፣ ዋሻ ይጠይቃሉ፣ መነኩሴ ያስቸግራሉ። ደራሲው የደን ተመራማሪ መሆኑ ብዙ ሰው ትዝ አይለውም። የዶክትሬት ጥናቱን የሠራው እዚሁ ደቡብ ጎንደር ባሉ የቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ ነው፤ በ28 አድባራት ቅጥር ውስጥ 168 ዓይነት የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዝርያ ተመዝግቧል። ከታረሰው ሜዳ መካከል ክብ ሆኖ የቆመው ጥቁር አረንጓዴ ነገር ልቦለዱ ውስጥ ምስጢር መደበቂያ ነው፤ ሰውየው ዛፎቹን አንድ በአንድ የቆጠረ መሆኑ ደግሞ ከልቦለዱ አይተናነስም።

አንድ ቄሰ ገበዝ የነገሩኝ፦ «መጽሐፍ ያነበቡ ልጆች ይመጣሉ። ዋሻው የት ነው ይሉኛል። ዋሻ የለንም እላቸዋለሁ። አያምኑኝም። ወይራውን፣ ጽዱን፣ ዶቅማውን ላሳያቸው ብል ደግሞ አያዩትም። ቸኩለዋል።» ቄሱ ልቦለዱን አላነበቡትም። ደራሲው ግን ከአንባቢዎቹ ይልቅ ከእሳቸው ጋር የሚግባባ ይመስለኛል።

*

ስለ ሳይንቲስት ካነሣን አይቀር። ፎገራ ድሮ የሚታወቀው በላሙ ነበር፤ ሜዳው የግጦሽ ነበር፣ ክረምት የሚተኛበት ውሃ ለእርሻ አይመችም ነበር። በደርግ ዘመን ከሰሜን ኮሪያ የመጡ ባለሙያዎች ሩዝ አስሞከሩ። የሚታመን ነገር አልነበረም። ዛሬ የወረታ እንጀራ ውስጥ ሩዝ አለ፣ ገበያው ላይ ሩዝ አለ፣ ጅግና የሚለው የቀበሌ ስም «ኤክስ ጅግና» ተብሎ የሩዝ ዝርያ ስም ሆኗል። ወረታ ላይ የብሔራዊ ሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ተቋቁሟል። እዚያ ውስጥ ዓመት እስከ ዓመት ዘር እያዳቀሉ፣ እየመዘኑ፣ እየጣሉ እንደገና የሚጀምሩ ሳይንቲስቶች አሉ። ከናሳ አልተመለሱም። ባጃጅ ነው የሚሳፈሩት።

ስለ እነሱ ተከታታይ ልብ ወለድ የጻፈ የለም። ሚሳኤል የሚሠራ ሳይንቲስት ሦስት ክፍል ይጻፍለታል፤ ሩዝ የሚያዳቅል አንድ አጭር ልብ ወለድ እንኳ አላገኘም። የሚወዱት መጽሐፍ አልቆባቸው «አሁን ምን ልናነብ ነው?» የሚሉ ወጣቶች ከማዕከሉ አጥር ማዶ ቁጭ ብለው ሲያወሩ አልፌያቸው አውቃለሁ።

*

«የመጨረሻ ክፍል» የሚለውን ቃል እዚህ የሚያምን የለም። ወረታ መናኸሪያ ረዳቱ «አንድ ሰው! የሞላ ባሕር ዳር!» ብሎ ሲጮህ አምስት ወንበር ባዶ መሆኑን ተሳፋሪው ያውቃል፤ አንባቢውም ደራሲው «በዚህ ተፈጸመ» ሲለው የሚሰማው እንዲያ ነው። «ሌላ ክፍል ሊያወጣ ነው አሉ» የሚል ወሬ መጽሐፉ ባለቀ በሳምንቱ ይነሣል። ማን እንዳለ አይታወቅም። ማተሚያ ቤት የሚሠራ የአጎት ልጅ ግን ሁልጊዜ አለ።

*

ተረት ነጋሪ ከደራሲ በአንድ ነገር ይበልጣል፤ ሲጨርስ ዋጋውን ይጠይቃል። «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይላል። ሕፃናቱ ወይ በምትኩ ሌላ ተረት ይነግሩታል ወይ ዳቦ ያቀርባሉ። ደራሲ ግን የመጨረሻውን ገጽ ጨርሶ ዝም ሲል አንባቢው አንዳች አይመልስለትም፤ ፒዲኤፉን ለሃያ ሰው ያስተላልፋል እንጂ።

*

የውሰት ነገር። ሦስትና አራት ክፍል ያለው መጽሐፍ የገዛ ሰው መደርደሪያውን ይመልከት፤ የሚጎድለው ሁልጊዜ የመጨረሻው ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ክፍል አንድን የተዋሰ ልጅ ክፍል ሁለትን ለመውሰድ ሲል ይመልሳል፤ ሁለትን ለሦስት ሲል ይመልሳል። የመጨረሻውን ለምን ብሎ ይመልስ? ከዚያ በኋላ ከእኔ የሚፈልገው የለም። በመንገድ ሲያገኘኝ እንኳ ቀድሞ «ክፍል ሦስት አለህ?» ለማለት የሚሮጠው ልጅ ዛሬ ማዶውን ይዞ ያልፋል።

የፎገራ ሰው የበሬ ውሰት አይክድም፤ መጽሐፍ ላይ ሲደርስ ነው ነገሩ የሚላላው። ስለዚህ በወረታም ሆነ በሐሙሲት፣ በዓለም በርም ሆነ በአዲስ ዘመን የምትገኙ፣ የሰው የመጨረሻ ክፍል ቤታችሁ ያስቀመጣችሁ ሁሉ መልሱ። ሌላ ሰው ሁለተኛውን ጨርሶ እየጠበቀ ነው።